አገሯ ሩቅ ነው

«ሙሚና ትሁን በቃ። እሷ አገሯ ሩቅ ነው።»

ይህን ያለችው ታላቅ እህቴ ጥሩሸዋ ናት። ገና ጎህ ሲቀድ ነው። እኔ ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ተኝቻለሁ፤ እሷ ከራስጌዬ በኩል ባለው ማድ ቤት ከአከራያችን ሚስት ከእማማ አስካለ ማርያም ጋር ታንሾካሹካለች። ግድግዳችን ጭቃው ተራግፎ በጋዜጣ የተለበጠ ስለሆነ ምስጢር አይቋጥርም። መጀመሪያ ነገሩ የሹመት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰሞኑን ቀበሌው የሴቶች ተወካይ ምረጡ እያለ ነው፤ እና የግቢያችን ሰዎች ከቆላ የመጣችውን ሙስሊም ጎረቤታችንን፣ በርበሬ ነጋዴዋን ሙሚናን አጭተዋት መስሎኝ «ይኸው፣ ትምህርቴ ፍሬ አፈራ!» ልል ምንም አልቀረኝም። ሥራዬ ነዋ! እዚሁ መሐል ሜዳ ከተማ ስምንተኛ ክፍል ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር አስተምራለሁ።

ቀጥሎ ግን እማማ አስካለ ማርያም ንፍጣቸውን በነጠላቸው ሲጠርጉ ሰማሁ። «እኔስ የልጅቷ ነገር ያሳዝነኛል» አሉ። «ግን ምን ላድርግ? ባለቤቴ ዓርብ ለት መናኸሪያ ሄደው፣ በቃሬዛ ለመጣ በሽተኛ የሚደርቡትን ባናቸውን በገዛ እጃቸው አልብሰው መጡ። ተራ አስከባሪው ነው በጆሮዬ የነገረኝ። ማታ ‹ባናዬን ማን ወሰደው?› ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ አይደለም ልጄ። እንዲህ መርሳታቸው ከተሰማ ማን ለሽምግልና ይጠራቸዋል? ሽምግልናው ከቀረ ደግሞ እሳቸውም አይቆዩልኝም።» እህቴም «ዝም ይበሉ እርስዎ» አለቻቸው። «ሁላችንም ሙሚና ካልን ሙሚና ናት። የቆላ ሰው ብርድ አይችልም፤ ማንም ያምናል። ቢበዛ ወደ አገሯ ትሄዳለች።»

ምነው ሸዋ! አልኩ በሆዴ። ተነስቼ በሩን በርግጄ «እናንተ ሰዎች አብዳችኋል?» ልል እግሬን ካልጋ አወረድኩና መሬቱ ስለቀዘቀዘኝ መልሼ ከተትኩት። እውነቱን መናገር ካለብኝ መሬቱ ብቻ አይደለም የመለሰኝ። እህቴ ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። የሙሚናን ልጅ ባለፈው ዓመት ኩፍኝ ሲይዛት ሦስት ሌሊት አቅፋ ያደረችው እኮ እሷ ናት። አከራያችን አባባ ወልደ ጻድቅ ደግሞ ለእህቴ ከአባት በላይ ናቸው። ባሏ በአንድ ቀሚስ ሲያባርራት እኚህ ሰው ሞላሌ ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ሦስት ቀን ከሰውየው ደጅ ተቀምጠው፣ ድርሻዋን ከነበጎቹ አስመልሰውላታል። ዛሬ የበግ ፀጉር እየፈተለች ራሷን የቻለችው፣ እኔንም ያስተማረችኝ በዚያ ነው። እና ለእሳቸው ስትል ምን የማታደርገው ነገር አለ?

ባናው በአገራችን በግ ፀጉር የተሸመነ፣ ክብደቱ ሰው የሚያጎብጥ ልብስ ነው፤ የታኅሣሥ ውርጭ ከሱ ሌላ የሚፈራው የለም። ፀጉሩን የፈተለችው እህቴ፣ የሸመነው ከኛ ቀጥሎ ያለው ቤት ተከራይ ነው። አባባ ወልደ ጻድቅ ዕቃው ሲጠፋባቸው ፖሊስ አልጠሩም። «ለገዛ ግቢዬ ፖሊስ ከጠራሁ የአርባ ዓመት ሽምግልናዬ ምኑ ላይ ነው?» ብለው ለማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ የድሮ ሰዎች ሌባ የሚያወጡበት ሥርዓት ነው። የአካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ንቅንቅ አይልም። አንድ ባንድ ወደ ዳኛው ጆሮ ጠጋ እያሉ የሚያውቁትን ይተነፍሳሉ። የተነፈሰው ሰው «ወፍ» ይባላል፤ ዳኛው «ወፍ እንዲህ አለች» ይላል እንጂ ማን እንደነገረው እስከ መቃብር አያወጣም። ማክሰኞ ዛሬ ነው። በዚች ከተማ ደግሞ ሌባ ተብሎ ከግቢ የወጣ ሰው ሌላ ግቢ አያገኝም፤ ከሙሚና በርበሬ የሚገዛም አይኖርም።

ቁርስ ላይ እህቴ በሶውን በጥብጣ፣ ጨው ጣል አድርጋበት አቀረበችልኝ። ተቃቅፈን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሰኞ ሰኞ ስለ ደሞዜ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ስለ ማግባቴ እንጨቃጨቃለን። ዛሬ ስለ ማግባቴ አላነሳችም። እኔም በሶዬን እያማሰልኩ የእንዝርቷን መሾር አየሁ። «ሙሚና...» ብዬ ጀመርኩ። «ሙሚና ምን?» አለች፣ ቀና ሳትል። «ምንም። በርበሬ አልቆብን እንደሆነ ብዬ ነው።» «አላለቀም» አለች። ከዚያ በኋላ ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰባት፤ ሁለቴም ቀጠለችው። ስወጣ እንደ ወትሮዋ «ኮትህን ቆልፍ» አላለችኝም።

ትምህርት ቤት ደርሼ ስልሳ ሁለት ተማሪዎች ፊት ቆምኩ። መጽሐፋችን አሥራ አንድ እሴቶች አሉት፤ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ ቁጠባ... አሥራ አንዱንም ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ በቃሌ እዘረዝራቸዋለሁ። የዕለቱ ትምህርት «ኃላፊነት» ነበር። ጠመኔውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። «መጽሐፉን ዝጉ፤ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አልኳቸው። ባናውን ድስት፣ ሽማግሌውን አሮጊት አደረግኋቸው። አንዲት መንደሩ ሁሉ የሚወዳት አሮጊት ድስቷን ለእንግዳ ሰጥታ ረሳችው፤ መርሳቷ ከታወቀ ክብሯ ይነካል፤ ስለዚህ መንደሩ ድስቱን ከሩቅ በመጣች ሴት ላይ ሊያላክክ ነው፤ ምን ይሻላል? አንዱ ከኋላ «ሴትዮዋ ወደ አገሯ ትሂድ፤ እዚያ ማን ይሰማባታል?» አለ። እህቴ ተማሪ ሆና የገባች መሰለኝ። ሌላው «አዋጥተን ድስት እንግዛላቸው» አለ፤ ግማሹ ክፍል አጨበጨበለት። እኔም ለአፍታ ልቤ ወደሱ አዘንብሎ ነበር፤ ግን አዲስ ድስት ቢገዛም «ያኛውን ማን ወሰደው?» የሚለው ጥያቄ የት ይሄዳል? አንዲት ማዕረግ የምትባል፣ ጥያቄ ካልተጠየቀች የማትናገር ልጅ ግን እጇን አወጣች። «መምህር፣ አሮጊቷን ጠየቋት?» አለች። «ምን ብለው?» አልኳት። «አንቺ ምን ትመርጫለሽ ብለው። ክብሩ የሷ አይደል እንዴ?»

ደወል እስኪደወል ሌላ ነገር ማስተማር አቃተኝ። በውነቱ አፈርኩ። ለካስ ጎህ ሲቀድ በግድግዳ ሰምቼ፣ ጠዋት በሶ አማስዬ፣ እኔም ራሴ ስለ ሙሚና እንጂ አባባ ወልደ ጻድቅ ምን ይሉ ይሆን ብዬ አንዴም አላሰብኩም። የተሰነጠቀ ገንቦ እንደያዘ ሰው ሁላችንም ስንጥቁን በእጃችን ሸፍነን ዞረናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ለዚህ ነው፤ ሌላው ሰው የሚያውቀውን ነገር ባለቤቱ ብቻ አያውቀውም። ቢያውቁስ ምን ይሉ ነበር? ይህን ለማወቅ እንዴት እንደጓጓሁ ልነግራችሁ አልችልም።

በምሳ ሰዓት ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። ነገሩን በግድግዳ ከሰማሁት ሌላ በዓይን ካየ ሰው መስማት ፈለግሁ። ተራ አስከባሪውን ጫኔን የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ላይ በግ እየጫነ አገኘሁት። አንድ ባለ በግ ለበጎቹ ማስጫኛ አምስት አምስት ብር ተጠይቆ «ለሰውስ ስንት ልታስከፍሉ ነው!» እያለ ይጮሃል። ጫኔን ወደ ጥግ ጠርቼ ስለ ዓርብ ጠየቅሁት። ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሽተኛውን ከጓሳ ማዶ አራት ሰዎች ተሸክመውት መጡ» አለ። «ላዩ ላይ አንዲት ስስ ጋቢ ብቻ ነበረች፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። አባባ ወልደ ጻድቅ ሳይጠየቁ ባናቸውን አውልቀው እስከ አንገቱ ሸፈኑት። ዘመዶቹ ‹የት እንመልስልዎ?› ሲሏቸው ‹ሂዱ፣ መኪናው ያመልጣችኋል› አሉ። አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ...» ብሎ ፊቱን ወደ በጎቹ አዞረ ጫኔ። «ከወጣ በኋላ ምን?» አልኩት። «እዚሁ ቆመው ቀሩ። ቀርቤ ‹ምነው አባባ?› ብላቸው፣ ‹ልጄ፣ ወደ ቤቴ በየት በኩል ነው የሚኬደው?› አሉኝ። እዚህ ከተማ ተወልደው፣ እዚህ አርጅተው! እጃቸውን ይዤ አደረስኳቸው። ለእማማ ብቻ ነገርኩ። እንባዬን ነው የዋጥኩት መምህር።»

ማታ መጥቶ ይህንኑ እንዲናገር ለመንኩት። «እኔ የለሁበትም» አለ፤ እጁን እያወናጨፈ። «አባቴን ከደመኛው ጋር ያስታረቁ ሰው ናቸው። እኔ ነኝ ደግሞ ‹አርጅተዋል› ብዬ ሕዝብ ፊት የማዋርዳቸው?» «ሙሚናስ?» አልኩት። «የትኛዋ ሙሚና?» አለኝ። በርበሬ ነጋዴዋ መሆኗን ስነግረው «እ... እሷማ...» አለና በጎቹን ሊቆጥር ሄደ። ቅድም ተቆጥረው ያለቁ በጎች ናቸው።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን ወደ ገበያው ወሰደኝ። ሙሚና ጆንያዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት ጋቢ ደርባ፣ ከላዩ የወንድ ካፖርት ለብሳ፣ በርበሬዋን በድንኳን ሸራ ከልላለች። ካጠገቧ ያለችው ጨው ሻጭ ሦስት ገዢ ስታስተናግድ እሷ ጋ ዝንብ እንኳ የለም። ቤት በርበሬ እያለ ግማሽ ኪሎ መዝኚልኝ አልኳት። «ዘጠኝ ብር ነው፤ ላንተ ስምንት» አለች። እየመዘነችም «መምህር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ካርብ ወዲህ ሰላምታ አጠረብኝ። ዱሮ እንደምን አደርሽ፣ ልጅሽ እንደምን አደረች፣ ገበያው እንዴት ነው ነበር። አሁን እንደምን አደርሽ ብቻ ሆነ። ወላሂ፣ ያጠፋሁት ካለ ንገረኝ።»

«ብርዱ ነው። ሰው አፉን መክፈት ጠላ» አልኳት። እኔ ነኝ እንግዲህ ይህን ያልኩት፣ የፍትሕን ምዕራፍ በቃሉ የሚያውቀው ሰውዬ። እሷ ለወጉ ፈገግ አለችልኝ። «ማታ ስብሰባ አለ ብለውኛል። አውጫጭኝ ነው ምን ያሉት... በኛ አገር የለም። ምንድነው እሱ?» አለች። ስለ ዳኛውና ስለ ጆሮው፣ ስለ ወፏም ነገርኳት። እጇ ሚዛኑ ላይ ቆመ። ፊቷ በራ፤ እውነቴን ነው፣ በራ! «ደስ ሲል! እውነቱን የሚያውቅ ሰው ማንንም ሳይፈራ ይናገራል ማለት ነዋ!» አለች። ከዚያም አንድ እፍኝ በርበሬ በምርቃት ጨመረችልኝ። በርበሬውን ይዤ ስመለስ ዓይኔ ያለቀሰው በብናኙ ነው ብዬ ራሴን ዋሸሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የግቢው በር ተቆለፈ። ሰባት ነበርን። እኔና እህቴ፣ ሸማኔውና ሚስቱ፣ ሌላው ተከራይ የግብርና ቢሮው ጸሐፊ፣ እማማ አስካለ ማርያም፣ ሙሚና። የሙሚና ልጅ እናቷ ካፖርት ውስጥ ተኝታለች። አባባ ወልደ ጻድቅ ከግቢው መሐል ካለው የጽድ ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ የለበሱት ስስ ኩታ ብቻ ነው፤ ጀርባቸው ግን ቀጥ ብሏል፤ ዓይናቸውም የዳኛ ዓይን ነው። እንደዚያ ሲሆኑ መርሳት የሚባል ነገር አጠገባቸው የሚደርስ አይመስልም። «ስሙኝ» አሉ። «በዚህ ግቢ መስቀል የሚሳለም አለ፤ የሚሰግድም አለ። ስለዚህ መሐላ የለም። ምላችሁ ብትዋሹ ከፈጣሪ ጋር ትጨርሱታላችሁ፤ እኔ አልገባበትም። እኔ የምፈልገው ነገ ጠዋት ውሃ ስትቀዱ ዓይን ለዓይን የሚያስተያያችሁን ቃል ነው። እሱን ብቻ ንገሩኝ።»

ይህን ብለው ተነስተው ከጽዱ ጀርባ ቆሙ፤ እኛም አንድ ባንድ እየተነሳን ወደሳቸው ሄድን። መጀመሪያ ሸማኔው ሄደ፤ ቀጥሎ ሚስቱ፣ ቀጥሎ ጸሐፊው። እህቴ ስትሄድ ጎንበስ ብላ ነው፤ ስትመለስም ጎንበስ ብላ። ሙሚና ልጇን ለእማማ አቀብላ ሄዳ ቶሎ ተመለሰች። እማማ አስካለ ማርያም አርባ ዓመት አብረዋቸው ከኖሩት ሰው ጆሮ ዘንድ ደርሰው ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ ምን እንዳሉ እንጃ። የመጨረሻው እኔ ሆንኩ። አባባ እንደ ልማዳቸው እጄን ያዙኝ፤ መዳፋቸው በረዶ ነው። ማዕረግ የጠየቀችኝን ጥያቄ ልጠይቃቸው አሰብኩ፤ ግን እውነቱን ሳይነግሯቸው «ምን ይመርጣሉ?» ማለት እንዴት ይቻላል? አፌን ወደ ጆሯቸው አስጠጋሁ።

«አባባ» አልኩ፤ «ባናውን ዓርብ ለት መናኸሪያ ለመጣ በሽተኛ ያለበሱት እርስዎ ነዎት። ረስተውት ነው።»

እጄን አልለቀቁትም። «ያየ ሰው አለ?» አሉ ቀስ ብለው። አለ፣ አልኳቸው። «አስካለ ታውቃለች?» ይህኛው መልስ ከበደኝ፤ ግን «ያውቃሉ» አልኩ። «ታዲያ የልጅቷ ስም ከየት መጣ?» አሉ። «አገሯ ሩቅ ስለሆነ ነው አባባ።» ይህን ስል መዳፋቸው ጭምቅ አደረገኝና ለቀቀኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ወይ ይክዳሉ፤ ወይ ያለቅሳሉ። አንዱንም አላደረጉም። ከጽዱ ግንድ ላይ ልጣጭ በጥፍራቸው እየላጡ ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ተመልሰው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

«ሰባት ወፍ ሰማሁ» አሉ ጮክ ብለው። «አራቱ ሙሚና ናት አሉ። ሁለቱ አናውቅም አሉ።» ሙሚና ብድግ አለች። አባባ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ ልጄ፣ አልጨረስኩም። አንዷ ወፍ ግን ወልደ ጻድቅ ነው አለች።» ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና በርጩማዋን በእግራቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጓት። «ስሙ የተነሳ ሰው ዳኛ አይሆንም» አሉ። ሄደው ከሙሚና ጎን ቆሙ፤ ከሳሽና ዳኛ በሌለበት ሁለት ተከሳሽ ሆኑ። እህቴ አየችኝ። ወፏ ማን እንደሆነች ለመገመት አንድ ሴኮንድ አልፈጀባትም። እንዲህ ያለ ዓይን ከእናታችን ቀብር ወዲህ አላየሁባትም።

«አስካለ» አሉ አባባ፤ «እኔ ነኝ ወይ?»

እማማ የሙሚናን ልጅ እንዳቀፉ መሬት መሬት እያዩ «እርስዎ ነዎት» አሉ። «ለርስዎ ብዬ ነው። እንዳይንቁዎ ብዬ ነው።» አባባ ወልደ ጻድቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለኔ ብለሽ እኔን አልጠየቅሽኝም» አሉ። «ጠይቀሽኝ ቢሆን ምን እልሽ ነበር? አርባ ዓመት የሰው ነገር ስፈታ አንድ ቀን በደካማ ላይ ፈርጄ አላውቅም እልሽ ነበር። መርሳት እርጅና ነው፤ ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅብኝ! ይሄ ውሸታችሁ ግን ያላደረግሁትን ሊያስደርገኝ ነበር።» ከዚያ ጎንበስ አሉና ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ማንሳት ያዙ፤ በአገራችን ጥፋተኛ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ በትከሻው ይሸከማል። ሙሚና ሮጣ እጃቸውን ያዘች። «ኧረ በአላህ፣ አባባ! ድንጋዩ ምን ያደርግልኛል? ስሜን ብቻ ይመልሱልኝ።» «ስምሽን የወሰዱት አራት ሰዎች ናቸው» አሉ እሳቸው። «ወፍ አይገለጥም፤ ስማቸውን አልጠራም። ራሳቸው ይመልሱልሽ።»

መጀመሪያ የተነሳችው የሸማኔው ሚስት ናት፤ ሄዳ ሙሚናን ጉንጭ ለጉንጭ አገላብጣ ሳመቻትና አለቀሰች። ሸማኔው ቆብ የሌለበትን ራሱን እያከከ «አጥፍተናል» አለ። ጸሐፊው ከሩቅ እጁን ዘረጋ፤ ቢሮ ውስጥ እንዳለ ሰው። እህቴ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ጉልበቷን አቅፋ፣ አባባን ብቻ እያየች ቀረች። አባባም ወደ በርጩማቸው ተመልሰው ተቀመጡና «አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ» አሉን። «ነገም እረሳለሁ። ከዚህ ወዲያ እየባሰ ነው የሚሄደው። ተነስቼ ‹ባናዬን ማን ወሰደው?› ያልኩ እንደሆነ አንተው ነህ በሉኝ። ደስ እንዲለኝ ብላችሁ ሰው አትስጡኝ።» ሁላችንም እሺ አልን። እንዲህ ያለ እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

ማንም ወደ ቤቱ አልገባም። በሩ ተከፍቷል፤ ጉዳዩ አልቋል፤ ግን ሰው እግሩን አጣ። ሸማኔው ስለ ገብስ ዋጋ አነሳ፤ ጸሐፊው ዘንድሮ ውርጩ ቀድሞ መጣ አለ፤ ሙሚና ልጇን ተቀብላ እያባበለች ትሰማለች። ፀሐይዋ ከተራራው በስተጀርባ ስትገባ ብርዱ እንደ ውሃ ወረደብን። አባባ ወልደ ጻድቅ ኩታቸውን ወደ አንገታቸው ሳቡ፤ ትከሻቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ፤ ግራና ቀኛቸውን አዩ።

«አስካለ» አሉ፤ «ብርድ ነው፤ ባናዬን አምጪልኝ እስቲ።»

የገብሱ ወሬ ተቋረጠ። እማማ አስካለ ማርያም አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እኔ መናገር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ምላሴ ግን አልታዘዝህ አለኝ፤ አንዴ ጆሮ ውስጥ መተንፈስና ሰው ፊት መናገር ለካስ አንድ አይደለም። ያኔ እህቴ ተነሳች። ከሙሚና ፊት ለፊት አልፋ፣ ለአፍታ ቆማ ዓይኗን አየቻት፤ ከዚያ ከአባባ እግር ሥር ተንበረከከችና ሁለት እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ባናው የለም አባባ። ሰጥተውታል። በገዛ እጅዎ ነው የሰጡት።»

«እኔ? ለማን?»

«ለማያውቁት በሽተኛ። በርዶት ነበር።»

«እሰይ!» አሉ፤ ፊታቸው እንደ ሕፃን ፈካ። «እሰይ፣ አበጀሁ!» ከዚያ ቀና ብለው አንድ ባንድ አዩን፤ ሸማኔውን፣ ሚስቱን፣ ጸሐፊውን፣ ሙሚናን ከነልጇ፣ እኔን። ግንባራቸው ተኮማተረ። «ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ምን ሊሆን ነው የተሰበሰበው?»

«ልናፍር ነው አባባ» አለች እህቴ።